ከመኪና የወረደችው መንፊያ

የጉዞው ዝርዝር የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ስምንት ሆነን በሁለት ላንድክሩዘር ወደ ኤርታሌ። «በአንድ መኪና እንብቃቃ» ያለም ነበር። አንዱ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ጎትቶ የሚያወጣው ማን ሊሆን ነው? ለየመኪናው ሁለት ሁለት ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ አሸዋ እንዳይውጠው ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ ነዳጅና ውሃ በጀሪካን። ሁሉንም ምልክት አደረግሁበት። የጎማ መንፊያዋን ግን ለቢራ ሳጥን ቦታ ስል ያወረድኋት እኔው ነኝ። ለማንም አልተናገርሁም።

ከአፍዴራ ወዲያ አሸዋው መጣ። ጎማ አስተነፈስን፤ የረገበ ጎማ ተዘርግቶ አሸዋውን ይረግጣል እንጂ አይቆፍርም። እየዘፈንን አለፍን። ቀጥሎ ግን የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሰላ። እዚያ ላይ ጎማው መልሶ ካልተነፋ ጎኑ ይቀደዳል፤ ጎኑ የተቀደደውን ደግሞ ጎሚስታም አያድነው።

ከአንደኛው መኪና ሁለት ጎማ ሄደ። ባለቤቱ ጓደኛችን ነው፤ እንጀራው የዚያች መኪና ኪራይ።

«መንፊያዋ የታለች?» አለኝ።

«ረስቻት» አልሁት።

ዞር ብሎ የቢራውን ሳጥን አየ፤ ምንም አልተናገረም።

አዲስ አበባ ስንገባ የአንዱን ጎማ ዋጋ ተቀበለኝ። የሁለተኛውን «ግድ የለም፣ ተወው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው አሰባስቦ ሲወጣ ጠርቶኝ አያውቅም።