ኮምፒዩተር ሲነሣ ምን ይላል?

የክፍል ኃላፊ የሆነ አስተማሪ ሁሉ ጧት የሚጀምረው ስም በመጥራት ነው። ማን መጣ፥ ማን ቀረ፥ ማን ዘገየ፤ ይህ ሳይታወቅ ትምህርት አይጀመርም። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። ማብሪያውን ስንጫን ቀድሞ ከሚነቁት አንዱ የሥርዓቱ እምብርት፥ «ከርነል» የሚባለው ነው። እርሱም እንደ አስተማሪ መዝገቡን ገልጦ ይጣራል፤ ፕሮሰሰሩ አለ? ሚሞሪው ስንት ነው? ዲስኩስ? ኪቦርዱስ? አቤት ያለውንም፥ ዝም ያለውንም እየጻፈ ያልፋል። በጥቁሩ መስኮት ላይ ሽቅብ የሚሮጡት ነጫጭ መሥመሮች ይህ የስም ጥሪ ናቸው።

የምናገረው ሊኑክስ ስለሚባለው ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ ነበር። በነጻ ስለሚገኝ ገንዘብ ላጠረው ትምህርት ቤት የተመቸ ነው። «እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በኪሱ የያዘው ስልክ አንድሮይድ እንደሆነ እምብርቱ ይኸው ሊኑክስ መሆኑን ይወቅ።

እኔ የማስተምረው በሮቤ ነው። በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደ ቢሆንም፥ ነፋስና መብረቅ መሥመሩን ሲመቱት በሮቤም በጎባም መብራት ሄዶ ይመጣል። ድንገተኛ መጥፋት ደግሞ ለዲስክ ጠላት ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን የመዝገብ ቤት ኮምፒዩተር ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። በውስጡ የሦስት ዓመት ተማሪዎች ነጥብ አለ። አንድ የከተማ ጠጋኝ አይቶት፥ «ቫይረስ ነው፤ ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጭነዋለን» አለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወደ እኔ መጥተው፥ «ልጄ፥ እነዚህ ልጆች ነገ ማስረጃ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አሉኝ። «እትዬ፥ ከማጥፋታችን በፊት ራሱ የሚለውን እንስማው» አልኋቸው።

የስም ጥሪውን መልሶ ለማየት ዲ፥ ኤም፥ ኢ፥ ኤስ፥ ጂ የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች በትእዛዝ መስኮት ላይ መጻፍ ነው፤ በአንዳንዱ ኮምፒዩተር የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። በየመሥመሩ መጀመሪያ ያለው ቁጥር ከርነሉ ከነቃ ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ይናገራል። እኛም ስናነብ በሦስተኛው ሴኮንድ ዲስኩ አቤት ብሏል፤ ከዚያ በኋላ ረዥም ዝምታ ሆነ፤ ቀጥሎም «የንባብ ስሕተት» የሚለው ቃል በዚያው ዲስክ ላይ ደጋግሞ ተጽፏል። በሽታው ቫይረስ ሳይሆን የዲስኩ መድከም ነበረ። በዚያው ሰዓት ነጥቡን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥን። በሁለተኛው ሳምንት ዲስኩ ጨርሶ ዝም አለ፤ የልጆቹ ነጥብ ግን ተርፎ ነበር።

ይሁንና ይህ መልእክት የሚጻፈው በመጀመሪያ በሚሞሪ ውስጥ ነው። እርሱም እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሲሞላ የቆየው እየተፋቀ አዲሱ ይጻፍበታል፤ መብራት ሲጠፋም ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ብልህ ተማሪ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ እንደሚገለብጥ፥ እኛም ወደ ፋይል መገልበጥ አለብን። ከአምስቱ ፊደሎች በኋላ በሒሳብ «ይበልጣል» የምንለውን ምልክት አድርጎ የፋይሉን ስም መጻፍ ይበቃል። ዲስኩ የሚያጠራጥር እንደሆነ ግን ፋይሉ በፍላሽ ላይ ይቀመጥ፤ በሚያፈስ ጎተራ እህል አይከተትምና።

በዛሬዎቹ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ደግሞ «ጆርናል» የሚባል ጸሐፊ አለ። «ጆርናል» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ሲ፥ ቲ፥ ኤል የሚሉትን ፊደሎች ማያያዝ፥ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና ቢ መጨመር የአሁኑን አነሣሥ ያሳያል፤ ሌላ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና 1 ቁጥር ቢታከልበት ያለፈውን ያሳያል። ያለፈው እንዲገኝ ግን መዝገቡ በዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። «ቫር» በሚባለው አቃፊ ውስጥ «ሎግ»፥ በሎግም ውስጥ «ጆርናል» የሚባል አቃፊ ካለ ብዙውን ጊዜ ይቀመጣል፤ ከሌለ አቃፊውን ሠርቶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ነው።

ሲያነቡም መጠንቀቅ ያሻል። «ስሕተት» የሚል ቃል ሁሉ አደጋ አይደለም፤ በጤነኛ ኮምፒዩተርም ላይ አንዳንድ ማጉረምረም አይጠፋም። የሚበጀው ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ የተነሣበትን መዝገብ አስቀምጦ፥ በታመመ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

እናንተ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የገባችሁ ጸሐፊዎች፥ በእጃችሁ ያለው ፋይል የአንድ ሰው ማስረጃ፥ የአንድ ሰው ደመወዝ ወይም ጡረታ ነው። ኮምፒዩተር ሲታመም «አጥፋው» ማለት ቀላል ነው፤ የጠፋውን ሰው ማስረጃ መመለስ ግን ቀላል አይደለም። ከመፍረድ በፊት ምስክር ይሰማል፤ እዚህ ደግሞ ምስክሩ ራሱ ቃሉን በጽሑፍ ሰጥቷል።