ከስልሳ ካናቴራዎች የተማርሁት

ወጣት አንባብያን፣ በመንገድ ስታልፉ በደረቱ ላይ ጽሑፍ ወይም ሥዕል የታተመበት ካናቴራ የለበሰ ሰው ሳታዩ የምትውሉበት ቀን ጥቂት ነው። በጥምቀት ዕለት ታቦት የሚያጅቡ ወጣቶች፣ በምረቃ ሰሞን የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ በሩጫ ውድድር ቀን በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ልብስ ሁሉ በታላላቅ ፋብሪካዎች የታተመ አይምሰላችሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ረዥም ጠረጴዛና ሁለት ሠራተኞች ብቻ ካሉበት ማተሚያ ቤት የሚወጣውም ብዙ ነው።

እኔም በመምህርነት ሳገለግል ደመወዜን ለመደጎም ስል ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአዲስ አበባ እንዲህ ያለች ክፍል ተከራይቼ ነበር። ስለዚህ ሥራ ልነግራችሁ የተነሣሁት ሁላችሁም አታሚዎች ትሆኑ ዘንድ አይደለም። ሆኖም ከመካከላችሁ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ወይም ገና በትምህርት ላይ ሳለ፣ ይህን ሥራ የሚሞክር አይታጣም። እኔ በኪሳራ የተማርሁትን እናንተ በንባብ ብትማሩት ይሻላል።

አስቀድሜ የሥራውን ጠባይ ላስረዳ። በስክሪን ማተም ማለት ቀለምን በወንፊት አሳልፎ በጨርቅ ወይም በወረቀት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ወንፊቱ በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ተወጥሮ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ቀድሞ ሐር ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። በዚህ ወንፊት ላይ ኢመልሽን የተባለ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠጥር ፈሳሽ በስሱ ይቀባና በጨለማ ቦታ ይደርቃል። ሊታተም የተፈለገው ጽሑፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ፊልም ላይ በደማቅ ጥቁር ቀለም ተዘጋጅቶ በወንፊቱ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያም ኃይለኛ ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠጥራል። በፊደሎቹ ጥላ የተጋረደው ክፍል ግን ሳይጠጥር ስለሚቀር በውሃ ሲታጠብ ይለቃል። ስለዚህ ወንፊቱ በፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ክፍት ይሆናል። በዚያም ላይ ቀለም አፍስሶ በጎማ መጎተቻ ጫን እያሉ ሲስቡት ፊደሉ ከሥር በተዘረጋው ልብስ ላይ ያርፋል።

የዚህ ሥራ ታላቅ ጥቅም አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ያለ ልዩነት መድገሙ ነው። ታላቅ አደጋውም ይኸው ነው። በፊልሙ ላይ ያለው ስሕተት በወንፊቱ ያልፋል፤ በወንፊቱ ያለፈውም በመቶው ልብስ ሁሉ ላይ ያርፋል።

ይህን የተረዳሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት መግቢያ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አባሎች ለዓድዋ በዓል የሚለብሱት 60 ካናቴራ እንድናትምላቸው ጠየቁን። ገንዘቡን ከየኪሳቸው ያዋጡት ተማሪዎቹ ሲሆኑ፣ ሰብስባ ያመጣችው የክበባቸው ሊቀ መንበር የነበረች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በካናቴራው ደረት ላይ የሚታተመው «ዓድዋ» የሚለው ቃልና ከሥሩ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» የሚለው ቀን ነበር። ጽሑፉን በኮምፒውተር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ፊልሙ በጠረጴዛችን ላይ ሁለት ቀን ተቀምጧል። ወንድሜም እኔም አይተነዋል። ግን አንዳችንም አላነበብነውም። እያንዳንዱን ካናቴራ በጥንቃቄ አትመን፣ በሙቀት መጫኛ አጽንተን፣ አጥፈን አስቀመጥነው።

ሐሙስ የካቲት 22 ቀን ከቀኑ በ10 ሰዓት ልጅቷ ልትረከብ መጣች። አንዱን ካናቴራ ዘርግታ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ዓድዋ በ1988 ነበር እንዴ?» አለችኝ።

የተማሪዎቼን የፊደል ግድፈት በቀይ ቀለም የማርም ሰው ነበርሁ። ያን ጊዜ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ። አንዲት አኃዝ ተሳስቼ የአባቶችን ድል በመቶ ዓመት አሳልፌዋለሁ። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው።

ወንድሜ ወዲያውኑ ወደ መርካቶ ሮጦ በራሳችን ገንዘብ ሌላ 60 ካናቴራ ገዛ። እኔ አዲስ ፊልምና አዲስ ወንፊት አዘጋጀሁ። ከሌሊቱ በ5 ሰዓት ማተም ጀመርን። እያተምን በሙቀት መጫኛው ስናጸና ከቆየን በኋላ በ9 ሰዓት መብራት ጠፋ። የጸኑት 22 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን 38 ከጎረቤት በተዋስነው የከሰል ካውያ፣ ከላይ ወረቀት እያደረግን ተኮስናቸው። በእጃችን ስንነካቸው ቀለሙ አይለቅም ነበር፤ ስለዚህ ደርቋል ብለን ተጽናናን። ሲነጋ ተማሪዎቹ ተረከቡን፤ አመስግነውንም ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ አንድ ካናቴራ ይዛ ተመልሳ መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቧል። «ዓድዋ» የሚለው ቃል ተሰነጣጥቆ፣ ከዓመተ ምሕረቱ ሁለቱ አኃዞች ረግፈው ነበር። አልተቆጣችም። «ለሌሎቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብቻ አለችኝ። ለካስ ጓደኞቿ ገንዘባቸውን ይዛ ርካሽ ሥራ ያሠራች መስሏቸው ሲያሟት ሰንብተዋል። የ38ቱን ሒሳብ መለስሁላት፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጽፌና ፈርሜ ሰጠኋት። ገንዘቡ ከቀረብኝ ይልቅ ያቺን ወረቀት መጻፌ ከብዶኝ ነበር። ሆኖም የልጅቷን ስም የሚያጠራው ያ ወረቀት እንጂ ገንዘቡ አልነበረም።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ በሥራችን ላይ ሕግ አወጣን። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ፊልም ከመሠራቱ በፊት ጽሑፉ ይነበብ። ማየትና ማንበብ ግን አንድ አይደሉም። የምናውቀውን ነገር ስናይ ዐይናችን በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ልባችን ውስጥ ያለውን ያነባል። ስለዚህ ጽሑፉን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለሳችሁ አንብቡ። አኃዞችን አንድ በአንድ ድምፅ አሰምታችሁ ጥሩ። ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው እንዲያነብላችሁም አድርጉ። በመጨረሻም ደንበኛው በወረቀት በታተመው ናሙና ላይ ይፈርም። የሰው ስም ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ በምን ሆሄ እንደሚጽፈው ጠይቁ። በ«ሠ» የሚጽፈውን በ«ሰ» ብታትሙበት፣ ድምፁ አንድ ነው ብላችሁ ልታስረዱት አትችሉም።

ሁለተኛ፣ ወንፊቱ ለሥራው የሚስማማ ይሁን። የወንፊት ጨርቅ የሚለካው በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባለው የክር ብዛት ነው። ለካናቴራ 43 ክር ያለው ይስማማል፤ ቀለም በብዛት ያሳልፋልና። ለወረቀት ሥራ 77ና ከዚያ በላይ ይመረጣል፤ በጣም ለረቀቀ ሥዕል እስከ 120 ይደረሳል። ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። «ለ»ን ከ«ሌ» የሚለየው ትንሽ ቀለበት ነው። ጽሑፉ ደቂቅ፣ ወንፊቱም ክሩ የራቀ ከሆነ ቀለበቱ በቀለም ይሞላና ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ በካናቴራ ላይ ፊደሉ ጎላ፣ ቀለበቱም ሰፋ ያለ ይሁን። በምታትሙበት ጊዜ ወንፊቱ በልብሱ ላይ አይተኛ፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መጎተቻው ባለፈበት ብቻ ጨርቁን ይንካ። ከነካ በኋላ ወዲያው ሲነሣ ጠርዙ የጠራ ፊደል ትቶ ይነሣል። በጥቁር ወይም በጠቆረ ልብስ ላይ ፈካ ያለ ቀለም ስታትሙ አስቀድማችሁ ነጭ ቀለም አንጥፉ፤ አለዚያ ልብሱ ቀለሙን ይውጠዋል።

ሦስተኛ፣ መድረቅና መጽናት የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ። ፕላስቲሶል የተባለው የካናቴራ ቀለም በአየር አይደርቅም። ብዙዎቹ የዚህ ቀለም ዐይነቶች የሚጸኑት ሙቀቱ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ላይ ላዩ ብቻ ሳይሆን እስከ ሥሩ ድረስ ነው። ከሰል ካውያችን የላዩን ገጽ አሙቆ ሥሩን ሳያጸና ስለቀረ በእጃችን ስንነካው አታለለን። ስለዚህ ብዙውን ከማተማችሁ በፊት አንድ ልብስ አትሙ፤ አጽኑት፤ ወጠር አድርጋችሁ እዩት፤ ከዚያም እጠቡት። ካልተሰነጠቀና ካልለቀቀ ወደ ሥራው ግቡ። ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ሥራውን ለመቀበልም ጊዜ የላችሁም። ደንበኛ ከሚያስቀይም እሺታ የሚያስከብር እምቢታ ይሻላል።

አራተኛ፣ ሒሳባችሁ በደብተር ይስፈር። ሥራ ስትቀበሉ ቀብድ ተቀበሉ፤ ደረሰኝም ስጡ። ዋጋ ስትተምኑ የካናቴራውን መግዣ ብቻ አትቁጠሩ። ቀለሙ፣ ፊልሙ፣ ኢመልሽኑ፣ ኪራዩ፣ መብራቱና የእጃችሁ ድካም ሁሉ ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ካናቴራ በሁሉም ወጪ 390 ብር ቢፈጅና በ450 ብር ብትሸጡት ትርፉ 60 ብር ነው። እንግዲህ አንድ ካናቴራ ቢበላሽ ከስድስት ካናቴራ የሚበልጥ ትርፍ ይዞ ይሄዳል። 100 ለሚያዝዝ ደንበኛ ከ3 እስከ 5 መጠባበቂያ መግዛት የሚገባውም ስለዚህ ነው። ሥራው ወቅት አለው። በጥምቀት፣ በዓድዋና በምረቃ ሰሞን ይበዛል፤ በሌላው ጊዜ ይቀዘቅዛል። በበዛበት ወር የተገኘው ለቀዘቀዘው ወር ኪራይ ይቀመጥ።

አምስተኛ፣ ጤናችሁን ጠብቁ። የቀለም ማጽጃ ፈሳሾች ትነታቸው ራስን ያዞራል፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛቸዋል። መስኮት ሳትከፍቱ አትሥሩ፤ በአጠገባቸውም ክብሪት አትጫሩ፣ ከሰልም አታቀጣጥሉ። አንዳንዱ ኢመልሽን ባይክሮሜት የተባለ መርዛማ ቅመም ስለሚገባበት ያለ ጓንት አይነካም። የተረፈውን ቀለም ወደ ቆርቆሮው መልሱት እንጂ ወደ ፍሳሽ መውረጃ አትድፉት።

ወጣት አንባብያን፣ እነዚህን ምክሮች መለስ ብላችሁ ብትመለከቷቸው አብዛኞቹ ቀለም ከመሳቡ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው። ጎማውን መጎተት ማንም ሰው በግማሽ ቀን ይማረዋል። ሙያው ያለው ከዚያ በፊት በሚደረገው ንባብ፣ ልክና ሙከራ ነው። የሰው ገንዘብና የሰው ስም የሚጠበቀውም በዚያች ማንም በማያያችሁ ሰዓት ነው።

ዛሬ ማተሚያ ክፍሉን የያዘው ወንድሜ ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ ግን አንድ ካናቴራ አሁንም ተሰቅሏል። «1988» የሚለው ነው። ረጋ ብለን በሙቀት ያጸናነው ስለ ነበር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቢታጠብም አንዲት ነጥብ አልለቀቀም። ስሕተቱ ጸና፤ በጥድፊያ የሠራነው እርማት ግን ረገፈ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወንድሜ ካናቴራውን ያሳየውና «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ዓድዋ ይላል» ብሎ የሚያልፍ ካለ፣ ያ ሰው ገና ማንበብ መማር አለበት።