ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ

ድምፁን መጀመሪያ ልብ ብዬ የሰማሁት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አጥብቄ በጠመዘዝኩ ቁጥር ከግራው የፊት ጎማ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ይመጣል። መሪው ሲስተካከል ዝም ይላል። ቀጣዩ ጥምዝ ላይ እንደገና። የዓባይን ዳገት የወጣ ሰው ጥምዙ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። ቪትዟ ከወር በፊት ጀምሮ አደባባይ ስዞር ታጉረመርም ነበር። አንድ ጋራዥ ወስጃት ሁለቱም ሸሚያሶች መቀየር አለባቸው ተብያለሁ። ሸሚያስ ከካምቢዮ ወጥቶ የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግ ነው፤ የሚያልቀው ግን ዘንጉ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት የሚሉት ነው። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ "ይቺንማ እኔም እሠራታለሁ" አልኩ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለት አዲስ ሸሚያስ ከነጆይንታቸው ገዛሁ፣ ከኋላ ጫንኩ። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና ልፍታ ብል ጥበቃው ራሱ እኔን ይፈታኛል። ደብረ ወርቅ ያለው የአባቴ ግቢ ግን ሰፊ ነው። አሥራ አንድ ቪዲዮ "በኋላ የሚታይ" ብዬ አስቀመጥኩ። አስቀመጥኩ ነው ያልኩት፤ አላወረድኳቸውም።

የገባሁት ሐምሌ 2015 አጋማሽ ላይ ነው፣ ለሁለት ሳምንት። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ሲዘጋ ሰነበተ። ስለ ጦርነቱ ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ አሉ። እኔ የማውቀው ግቢያችን ውስጥ የነበረውን ነው፦ ወሯ የገባ እህት፣ ኢንተርኔት የሌለው ሶፍትዌር ሠሪ፣ እና ስትታጠፍ የምትጮህ ቪትዝ።

አንድ ማታ አባዬ እህቴ ስትተኛ ጠብቆ "ምጧ ሌሊት ቢመጣ አምቡላንስ ይደርሳል ብዬ አልተማመንም" አለኝ። "ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ደግሞ ቢቸና ነው። ያንተ መኪና ቢቸና ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች።"

አልኩ እንጂ አላመንኩም። ሲቪ ጆይንት መጮህ ከጀመረ በኋላ ወር ሊቆይ ይችላል፣ ነገ ሊበተንም ይችላል። ሲበተን ደግሞ እያነከሱ መሄድ የለም። ካምቢዮው ኃይሉን ሁሉ በቀለለው በኩል፣ ማለትም በተሰበረው ዘንግ በኩል ይለቀዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሹ ይገባል፣ መኪናዋ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። እና ይሄ በሌሊት፣ በክረምት ጭቃ፣ በዚያ ጊዜ፣ የምታምጥ ሴት ከኋላ ተኝታ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሜካኒካል ነው። ከዚያ ወደ ኮድ ዞርኩ፣ ዘይት ነክቼ አላውቅም ብል ብዙም አልዋሸሁም። የዚህን መገጣጠሚያ ቀመር ግን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። አንድ ዘንግ ታጥፎ ሌላውን የሚያዞርበት የጥንቱ መንገድ ክሮቸራ ነው፤ አይሱዙ ሆድ ሥር የምታዩት የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት። ክሮቸራ አመል አለው። የሚያዞረው ዘንግ እኩል እየዞረ፣ የሚዞረው ግን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፈጠን፣ ሁለት ጊዜ ዘገም ይላል። ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ ሁለት ክሮቸራ ይደረግና አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። መሪ የሚያጥፈው የፊት ጎማ ላይ ግን እንደዚያ ማድረግ አይመችም፤ ጎማው ይንገጫገጫል። አልፍሬድ ርዜፓ የሚባል የፎርድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው መላ ስድስት የብረት ኳሶች ናቸው። ኳሶቹ በውስጠኛውና በውጨኛው ብረት ቦዮች መካከል ተቀምጠው፣ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢታጠፍ ሁልጊዜ የማዕዘኑ እኩሌታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት የገባው ፍጥነት እንዳለ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሚኒ የምትባለው ትንሽ መኪና ይህንኑ ይዛ ወጣች፤ የእኔ ቪትዝም የዚያ ዘር ናት።

ይህ ሁሉ የሚኖረው በአንድ የጎማ ሽፋን ምሕረት ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል፣ አፈር ይገባል፣ ኳሶቹ ቦዩን ይበሉታል። ቋ የሚለው ኳሱ የተበላው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ከተያዘ በኋላ ነው። ደብረ ወርቅ ማርያም በፍልሰታ እንዴት እንደምትሆን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሰው ሁሉ እዚያ ነው፣ ከተማው ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ለእኔ አልተመቸኝም፤ የመዶሻዬ ድምፅ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራው ነበር። የጎማውን መሐል የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወንድሜ ፍሬን ረግጦ፣ እኔ ቁልፉ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። የካምቢዮውን ዘይት በእማዬ ሳፋ ቀዳሁ። መለወጫ ዘይት ስላልነበረኝ መልሼ በጨርቅ አጥልዬ ልሞላው ነው፤ እማዬ ግን ስለ ሳፋው እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

የግራው ሸሚያስ ወጣ። አዲሱን አነሳሁ፣ ወደ ሞዞው ሰደድኩት፣ አልገባም። አዞርኩት፣ አልገባም። አወጣሁና ቁጭ ብዬ የሁለቱን ጥርስ ቆጠርኩ። አዲሱ በሦስት ያንሳል። የቀኙንም ቆጠርኩ፤ እሱም ያው። ሁለቱም የሌላ ሞዴል ናቸው። ኮድ ቢሆን የተሳሳተውን አጥፍቶ ትክክለኛውን ማውረድ የአሥር ሴኮንድ ሥራ ነው። እዚህ ትክክለኛው ያለው ከዓባይ ማዶ ነው፣ ዓባይ ማዶ የሚሄድ መኪና ደግሞ የለም። ሲገዛ ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

በማግስቱ አጥር ማዶ ያሉት ጋሼ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን በፕሮጀክት ላንድክሩዘር ላይ የጨረሱ ሹፌር ናቸው፤ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበር፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው።

"አንተ፣ አዲሱ ብረት ለምን ተጣለ?"

"አይገባም ጋሼ። ጥርሱ ይለያል።"

"አሮጌውሳ?"

"አልቋል።"

"በየት በኩል ነው ያለቀው?"

ጥያቄው አልገባኝም። አለቀ፣ አለቀ ነው። ጎንበስ ብለው ጆይንቱን አነሱ፣ ግራሶውን በሣር ጠረጉና ኳሱን ወደ ጎን ገፍተው "ጥፍርህን አምጣ" አሉኝ። በቦዩ አንደኛው ግድግዳ ላይ ጥፍሬን አስሄዱት፤ ጉድጓዱ ያዘው። በሌላኛው ግድግዳ አስሄዱት፤ እንደ መስታወት አንሸራተተው።

"መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ኳሱ የሚገፋው ይሄን ጎን ብቻ ነው። ይሄኛው ሥራ ፈትቶ ነው የኖረ። የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አርገው።"

ለደቂቃ ያህል በጭንቅላቴ አዞርኩት። የግራ ጎማና የቀኝ ጎማ ከውጭ ቆመህ ስታያቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። ስለዚህ ጆይንቱ ጎን ሲቀይር ጭነቱ ወዳልተነካው ግድግዳ ይዞራል። ያፈርኩት ስላላወቅኩት አይደለም፤ ቀመሩን የጻፍኩት እኔ፣ "በየት በኩል" ብሎ መጠየቅ ያልመጣልኝም እኔ።

"ወደ ፊት ዝም ይላል" አሉ ጋሼ። "ወደ ኋላ ስትመልስ ይጮሃል። እሱን ቻለው።"

ስልኬ ላይ የነበረው ብቸኛ ነገር የመኪናዋ የጥገና መመሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ የውጭውን ጆይንት ከዘንጉ አትፍቱ ይላል። አነበብኩላቸው።

"ያን የጻፈው ሰው አጠገቡ መለዋወጫ ሻጭ አለ" አሉና እንጨት ደግፈው መዶሻውን ሰጡኝ። በሦስተኛው ምት ተላቀቀ። ሁለቱንም በናፍጣ አጠብናቸው። አዲሶቹ ሸሚያሶች ከንቱ አልቀሩም፦ የጎማ ሽፋናቸውን ገፈን፣ ጥቁር ግራሷቸውን በማንኪያ ጠርገን ለአሮጌዎቹ ሰጠናቸው። ሽፋኑን የሚያጠብቀው ማሰሪያ ሲፈታ ተበላሽቶ ስለነበር በሽቦ አሠርነው። የትኛው ማንኪያ እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ነገር ላይ ግን መመሪያው ጠቀመኝ። የመሐሉ ዳዶ በ216 ኒውተን ሜትር መጠበቅ አለበት፤ ከላላ ኩሽኔታው ይበላሻል። መለኪያ ቁልፍ የለኝም። ክብደቴ ግን 62 ኪሎ ነው። 216ን ለክብደቴ ኃይል ሳካፍለው 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ መጣ። ቱቦው ላይ ከዳዶው 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለክቼ በከሰል ምልክት አደረግኩና፣ ቱቦውን አግድም አድርጌ ምልክቱ ላይ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ቱቦው ትንሽ ወረደና ቆመ። ጋሼ ዳር ቆመው በጣም ሳቁ። "ይሄን ደግሞ እኔ አላውቀውም" አሉ። ያን ቀን የሠራሁት ነገር ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል ደስ አላሰኘኝም።

ምጡ የመጣው ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሌሊት ነው። ከመሸ የሚወጣ ሰው አልነበረም። አባዬ ከፊት ተቀመጠ፣ እማዬ ከኋላ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች፣ እህቴ አንዴ ትጮሃለች፣ አንዴ እኔን ትሰድበኛለች። ከበራችን ወጥቼ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። መሪውን እስከ መጨረሻው። ጆሮዬ ሌላ ምንም አይሰማም። ዝም። ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ዳገቱ ላይ። ዝም። ጤና ጣቢያው በር ስደርስ መብራት የለም፣ ጭቃው ወፍራም ነው፤ እህቴ እንዳትራመድ ኋላ ማርሽ አስገብቼ መሪውን ጠምዝዤ ወደ ደረጃው ተጠጋሁ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ይሄ ነገር ሳምንት ሙሉ ስትቀጠቅጠው አልነበረም እንዴ?" አለች እህቴ፣ በሁለት ምጥ መካከል።

ቢቸና መሄድ አላስፈለገም። ሊነጋጋ ሲል ሦስት እልልታ ሰማን።

መንገዱ ተከፍቶ አዲስ አበባ የገባሁት በዚያው ጆይንት ነው። ዓባይን ስወርድና ስወጣ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ትክክለኛውን ሸሚያስ ቶሎ እገዛለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ጥር 2016 ላይ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ሶማሌ ተራ ዋጋ ጠይቄ "ነገ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ግን ጥርሱን ቆጥሬያለሁ።

አሁን የቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ ስወጣ ጥበቃው ሁልጊዜ እጁን ያነሳና "ኢንጂነር፣ ከፊት ምን ነካት?" ይለኛል።

"ደህና ናት" እለዋለሁ። "ወደ ኋላ ስትሄድ ብቻ ነው።"