ግራ እግሬና አውቶማቲክ ካምቢዮ

መንዳት የለመድኩት በሦስት ፔዳል ነው። ስለዚህ የእህቴን ባል ቪትዝ ተውሼ ከደሴ ወደ ሐይቅ ስነዳ፣ ግራ እግሬ ከሥራ እንደተባረረ ሰው ሲቁነጠነጥ ነበር። ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ ፍየሎች ድንገት ሲያቋርጡ፣ ያ ሥራ ፈት እግር የሌለውን ፍሪሲዮን ያገኘ መስሎት ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የረገጠው ፍሬኑን ኖሯል። አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ ቀበቶ ባያስሩ ኖሮ ከፊት መስታወቱ ጋር ግንባር ለግንባር ይሳሳሙ ነበር።

«አብሽር» አሉኝ መነጽራቸውን እያቃኑ። «ማርሹን እሷ ታስገባለች፤ አንተ እግርህን ሰብስብ።»

አጎቴ የጉልምስና ዘመናቸውን በኤንትሬ ፊያት የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው ናቸው። «ካምቢዮ»ና «ፍሪሲዮን» ከአፋቸው ሲወጡ የወሎ አማርኛ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ጣልያንኛ ናቸው። ማርሽም ያው የጣልያኑ «ማርቻ» ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲሄድ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ጥሎልን ሄዷል። ለአውቶማቲኩ ግን ስም አልተወልንም፤ ያኔ አውቶማቲክ ገና ጨቅላ ነበር።

ጀነራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ያለውን ካምቢዮ ለገበያ ያቀረበው በ1940 እ.ኤ.አ. የኦልድስሞቢል ሞዴሎች ላይ ነው። አራት የፊት ማርሽ አለው፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ፔዳሉን ያስቀረው ሐሳብ የመጣው ግን ከመርከብ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፌቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ፈጠራ፣ እንደ እብድ የሚሽከረከረውን የእንፋሎት ተርባይን ዝግ ብሎ መዞር ከሚፈልገው የመርከብ መቅዘፊያ ጋር ለማስታረቅ የታሰበ ነበር። ባለ ክንፍ ጎማዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ መካከላቸውን በፈሳሽ ሞላው። አንዱ ሲዞር ፈሳሹን ይገፋል፤ ፈሳሹ ሌላውን ያዞራል፤ ብረት ከብረት ሳይነካካ ጉልበት ይሻገራል።

አርዲቦን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ሐይቆች ናቸው፤ አርዲቦ ከላይ፣ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከታች ተቀምጠው የላይኛው ትርፍ ውኃውን በወንዝ ለታችኛው ይሰዳል። ዝምድናቸው የሚፈሰው ውኃ ነው።

የማርሹ ቅያሪ ደግሞ ሽምግልና ይመስላል። በድሮው አውቶማቲክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ከሁለት ወገን ትገፋለች። በአንድ በኩል የመኪናው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚጨምር የዘይት ግፊት «ፈጥነናል፣ ከፍ ያለው ይግባ» ይላል። በሌላው በኩል ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር የሚበረታ ግፊት፣ ሞላ አግዞት፣ «ቆይ፣ ገና ጉልበት ያስፈልጋል» ይላል። የረታው ቫልቭዋን ይገፋታል፤ ዘይቱ በተከፈተለት ቦይ ገብቶ የውስጥ ፍሪሲዮኖችን ይጨብጣል፤ ማርሹ ይቀየራል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ስንረግጥ ማርሹ ወደ ታች የሚመለሰውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ዳኛው ኮምፒውተር ሆኗል፤ ዋነኞቹ ተሟጋቾች ግን እነዚያው ፍጥነትና እግር ናቸው።

እኛም ከሐይቅ ከተማ አልፈን ወደ አርዲቦ ዳገቱን ስንያያዘው ሙግቱ በጆሮ ይሰማ ጀመር። ቪትዟ ሦስተኛ ታስገባለች፣ ትደክማለች፤ ሁለተኛ ትመልሳለች፣ ትፈጥናለች፤ ደግሞ ሦስተኛ። አጎቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ይቺ ሐሳቧ አይጸናም። ወደ ‹2› መልሳት።»

መለስኳት። ድምጿ ጎላ፣ ልቧ ግን ረጋ። ሽቅብ ሳትዋልል ወጣች፤ አርዲቦም ከተራሮቹ መሐል ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ አውቶማቲክ ነድተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ በጭራሽ! ዳገት ግን አውቃለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ቪትዟ ዳገት መኖሩን የምትረዳው ፍጥነቷ ሲወርድ ነው፤ አጎቴ ግን ከሩቅ ያዩትና ሳይደርሱበት በልባቸው ማርሽ ይቀይራሉ። ቁልቁለትም እንደዚያው ነው፤ በ«ዲ» ለቃችሁ ብትወርዱ ካምቢዮው ከፍ ያለ ማርሽ ይዞ ይለቃችኋል፣ ሸክሙን ሁሉ ፍሬን ይሸከማል፣ ፍሬንም ይግላል።

እናም የአውቶማቲክ ነጂዎች፣ ከአርዲቦ ስትመለሱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ «2» መልሱ። ግራ እግራችሁን ደግሞ አደራ፣ ሰብስቡ።