የውል ብዛት የሥራ ምስክር አይደለም

«የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ጨረታ የሚከታተል ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይቀርባል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ነጥብ ይያዝለታል። ዕቃው በቀኑ ገብቶ ነበር ወይ፣ የገባውስ የታዘዘው ነው ወይ ብሎ ስልክ የሚደውል ግን ጥቂት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በዓለም ትልቁን የመከላከያ በጀት የያዘችው አሜሪካም ታውቀዋለች። እዚያ የመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ለጦር አውሮፕላኖች መለዋወጫ ሲገዛ ከግዙፎቹ አምራቾች ጎን ብዙ ትናንሽ አቅራቢዎችን ይጠቀማል። አንዳንዱ አንድ መጋዘንና ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ራሱን ሲያስተዋውቅ ደረቱን ነፍቶ የሚናገረው «ለመንግሥት እናቀርባለን» የሚለውን ነው። ማጣራትም ይቻላል። የፌዴራል መንግሥቱ የውል መረጃ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ በተባለው ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። የድርጅት ስም ስለሚመሳሰል ለእያንዳንዱ አቅራቢ በተሰጠው መለያ መፈለግ ይሻላል።

ዋናው ፈተና ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው። ሠንጠረዡ የሚያሳየው መንግሥት ለመክፈል የተስማማውን ገንዘብ ነው፤ ሳጥኑ ሲከፈት የተገኘውን ዕቃ አያሳይም። ለዓመታት በሚዘልቅ ውል ላይ ደግሞ ዓይን የሚስበው ትልቁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ነው። ጣሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ውል የ50 ሺህ ዶላር ትዕዛዝ ብቻ ወጥቶበት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ገምጋሚ ከድምሩ ይልቅ የውል ማሻሻያዎቹን ያነባል። በመቀነስ ምልክት የተመለሰ ገንዘብ፣ የተሰረዘ ትዕዛዝ የሚገኘው እዚያ ነው። ስረዛውም አንድ ዓይነት አይደለም። መንግሥት ዕቃውን ስላልፈለገ የተቋረጠ ውል አለ፤ አቅራቢው ግዴታውን ስላልተወጣ የተቋረጠም አለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ንጹሑን መበደል ነው።

ድምር ብቻ ማየት ምን እንደሚያስከትል በሳውዝ ካሮላይና የሁለት እህትማማቾች የነበረ ትንሽ ድርጅት ያሳያል። ድርጅቱ ለጦሩ ጥቃቅን መለዋወጫዎች ያቀርብ ነበር። የዕቃው ዋጋ ደህና ነበር፤ ጉዱ ማጓጓዣው ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 19 ሳንቲም የሚያወጡ ሁለት ሮንዴላዎችን ወደ ቴክሳስ ለመላክ 998,798 ዶላር ጠየቀ፤ ተከፈለውም። አስቸኳይ የተባለ የማጓጓዣ ሒሳብ ሰው ሳያየው በኮምፒውተር ይከፈል ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2006 ድረስ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ተመዘበረ። በእነዚያ ዓመታት የድርጅቱን የውል ታሪክ በዶላር ብቻ የለካ ሰው የሚያየው እያደገ የሚሄድ፣ መንግሥት የሚያምነው አቅራቢ ነበር። ነገሩን ያጋለጠው አንድ የግዢ ሠራተኛ ነው። ሌሎች ሁለት ሮንዴላዎችን ለመላክ 969,000 ዶላር ሲጠየቅ «ቆይ፣ ይሄ ምንድነው?» የሚል ዓይን ተገኘ።

ገንዘብ ይመለሳል እንበል። የማይመለስም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ከኦስሎ ወደ ሃምቡርግ ይበር የነበረ የፓርትኔር አውሮፕላን ዴንማርክ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት 55 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎች ጅራቱን ከአካሉ ጋር ያያያዙት ብሎኖች ደረጃቸውን ያልጠበቁ ሐሰተኛ ዕቃዎች መሆናቸውን አገኙ። ያ የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ ነገር ግን ብሎን የወታደርና የሲቪል አይለይም።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ «ዕቃውን ማን ሠራው?» ነው። አቅራቢው አምራች ነው ወይስ ከሌላ ገዝቶ የሚሸጥ? የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት በመከላከያ የአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ወደ 1,800 የሚጠጉ የተጠረጠሩ ሐሰተኛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ጉዳይ ተገኝቷል፤ ዕቃዎቹ ሲቆጠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በየመሐሉ ደላላ በበዛ ቁጥር የዕቃው የትውልድ ሐረግ ይጠፋል። ከአምራቹ ጀምሮ እጅ በእጅ የተላለፈበትን ወረቀት ማሳየት ያልቻለ አቅራቢ መቶ ውል ቢኖረውም ጥያቄው አልተመለሰም።

ሦስተኛው ጥያቄ ውድድር ነበር ወይ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የፔንታጎን ዋና ኢንስፔክተር ትራንስዳይም የተባለውን የአውሮፕላን መለዋወጫ ኩባንያ 47 ዕቃዎች መርምሮ በ46ቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ትርፍ አገኘ፤ ኩባንያው 16.1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። የግዢ ሠራተኞቹ ግን ደንቡን ተከትለው ነበር። ዕቃው ያለው አንድ ሻጭ ጋር ብቻ ከሆነ ደንብ መከተል ብቻውን አያድንም። ኩባንያው በብዙ እህት ድርጅቶች ስም ይሸጥ ስለነበር፣ ትንሽ ከሚመስል ስም ጀርባ ማን እንዳለ ማየትም የግምገማው አካል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ትንሹ አቅራቢ ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይደለም። መንግሥት ስለ አቅራቢዎቹ የሚሰጠው የአፈጻጸም ነጥብ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ በአነስተኛ ትዕዛዞች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጥቡ ጨርሶ አይሞላም። ስለዚህ ሦስት ትናንሽ ውሎች ብቻ ያሉት ድርጅት ሦስቱንም በቀኑ፣ በልኩ አስረክቦ ሊሆን ይችላል። በድምር ከተመዘነ ይወድቃል፤ በሥራው ከተመዘነ ግን ከባለ ብዙ ሚሊዮኑ ሊበልጥ ይችላል።

እዚህም እዚያም ፍርዱ ያለው ውሉን የፈረመው ኃላፊ ዘንድ አይደለም። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ዕቃውን ቆጥሮ ሞዴል 19 የቆረጠው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘንድ ነው። ግምገማ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መደወል ያለበት ለእሱ ነው።