የበጋ ብርድና የቤት ቧንቧ

በፈረንጅ አገር ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ የውሃ ቧንቧውን ከብርድ ይጠብቃል። ይህን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁ ጊዜ የእኛን ክረምት፣ ዝናቡንና ጭቃውን አስቤ እጅግ ይደንቀኝ ነበር። በእኛ አገር ብርዱ የሚበረታው ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ነውና። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ በበጋ ጋቢው ሲገፈፍ ምድር የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ታጣለች። የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ የካ ሸለቆዎች ይወርዳል።

ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ መውጫ ካጣም ብረት ይሰነጥቃል። ስንጥቁን በረዶው ራሱ እንደ ውታፍ ስለሚዘጋው ጉዳቱ የሚታየው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። በከተማችን ይህ የዘወትር ነገር ባይሆንም፣ ውርጭ በሚወርድበት ከፍታ ለሚኖር ሰው ቸል የሚባል አይደለም።

በሰፈሬ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ መስመር ይጠቀሙ ነበር። በአንድ የጥር ወር ረፋድ ላይ ቧንቧው ተሰንጥቆ ቢገኝ፣ አንዱ «ልጅዎ ረግጦ ሰበረው» ሲል ሌላው «የእርስዎ በግ ነው» አለ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ እንዲህ ካለ ትንሽ ነገር ተነሥቶ ዓመታት የፈጀ ክርክር አይቻለሁና እጅግ ሠጋሁ። ደግነቱ ሽማግሌዎች የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩ። የተቀበረው ቧንቧ ደኅና ሆኖ፣ በጥላ ሥር ተጋልጦ የነበረው ብቻ መሰንጠቁን አሳያቸው። ሁለቱም አፍረው ታረቁ፤ መስመሩንም በአንድነት ቆፍረው ቀበሩት።

ስለዚህ ቧንቧን አንድ ክንድ ያህል መቅበር መልካም ነው፤ ፕላስቲኩንም ከፀሐይ ያድነዋል። የማይቀበረውንና ከሮቶ የሚወርደውን በደረቅ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ዝናብና ጤዛ እንዳያርሰው በላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል። ቡና ቤት ወይም ልብስ ማጠቢያ ያለው ሰው ማታ ሲዘጋ የውጭውን መስመር ከመነሻው ዘግቶ የቀረውን ውሃ ያፍስስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧን ሲያንጠባጥብ ማሳደር ብክነት ነው። ውሃው ረግቶ ከተገኘም እሳት አያስጠጉ፤ ቧንቧውን ከፍተው፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከአፉ በኩል ጀምረው ቀስ በቀስ ያኑሩበት።

ከእንጦጦ ሥር ውሃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ የወረደው በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ ለቤተ መንግሥት ብቻ የነበረው ነገር ዛሬ በየቤታችን ደጃፍ ደርሷል። እንስራ ተሸክመው ሲደክሙ የኖሩ እናቶቻችንን የሚያስብ ሰው፣ አንዲት ጆንያ ለመጠቅለል አይታክተውም።