ባዶ ፒካፕና ትልቅ ጎማ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፒካፕ ከገዛ ሰው ቶሎ ከምትሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ «ፊቱ ደፋ ብሏል» የሚለው ነው። እውነቱን ነው። ከጎን ሆናችሁ ብታዩት ኋላው ከፍ፣ ሞተሩ ያለበት ፊቱ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያስተካክል ሌቭሊንግ ኪት የሚባል ዕቃ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት አሞርዛተር አናት ላይ የሚገባ ወፍራም ብረት ነው፤ ፊቱን 2 ኢንች ያህል አንስቶ ከኋላው ጋር እኩል ያደርገዋል። ኪቱ በገባ ማግስት የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «አሁንስ ምን ያህል ትልቅ ጎማ ይችላል?»

በዚህ ጉዳይ መኪና ከሚወዱ የሀገሬ ልጆች ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ዛሬ ሐሳቤን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ፊቱ ለምን ዝቅ እንዳለ እንወቅ። ፒካፕ የተሠራው ለጭነት ነው። 5,000 ፓውንድ የሚመዝን ተጎታች ስታስሩበት ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ያርፋል፤ ቢያንስ 500 ፓውንድ ከኋላ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ያኔ ኋላው ይወርድና መኪናው ቀጥ ይላል። ፋብሪካው ኋላውን ከፍ ያደረገው ለዚያ ቀን ብሎ ነው። ፊቱን አንስታችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ያንኑ ተጎታች ብታስሩ ግን ኋላው ቁጭ ብሎ አፍንጫው ሰማይ ያያል።

ሀገር ቤት የገጠር መንገድ የሚሠራ ሹፌር ፒካፑን ጋራዥ ሲያስገባ የሚያስጨምረው የኋላ ባሌስትራ ነው፤ እህሉም ሰዉም ሲጫንበት እንዳይቀመጥ። እዚህ ግን ብዙዎቻችን የምንነዳው ባዶውን ስለሆነ የምናነሳው ፊቱን ነው። ባዶውን መንዳት ነውር የለውም። ለመልክ ብሎ ማስተካከልም የባለቤቱ መብት ነው። ግን ጎማ ከመምረጣችን በፊት «እኔ በዚህ መኪና ምን እጭናለሁ?» የሚለውን ለራሳችን በሐቅ እንመልስ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ብዙ ፎርድ ኤፍ-150 ፒካፖች ከፋብሪካ 275/65አር18 ጎማ ይዘው ይወጣሉ። 275 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል፤ 18 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 815 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም 32 ኢንች ይሆናል። 275/70አር18 ብታደርጉ ወደ 842 ሚሊሜትር፣ 33 ኢንች ገደማ ያድጋል፤ ስፋቱ ግን ያው ነው። ሁሉም የሚመኘው ባለ 35 ኢንቹ ደግሞ 889 ሚሊሜትር ነው፤ ወርዱ 12.5 ኢንች ከሆነ ከፋብሪካው ጎማ በ4 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ችግሩን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ስፋት ነው።

ለምን ብትሉ፣ ኪቱ የሚሰጠው ክፍተት ከላይ ነው። መሪ ሲዞር ግን ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጠራርጋል። ከፊት የባምፐሩን ጥግና የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ ከኋላ የካቢኑን እግር፣ ከውስጥ ሻንሲውን ያገኛል። ፊቱን 2 ኢንች ማንሳት ለእነዚህ የሚጨምረው ቦታ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ጎማው ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ እንዲታይ ወደ ውጭ የሚገፋ ቸርኬ ይመርጣል። ያኔ ጎማው ሲዞር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል፤ ከውስጥ ሻንሲውን ቢለቅም ከውጭ ባምፐሩን ይመታል። ስለዚህ «ገብቷል» የሚባለው መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም አይደለም። መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ፣ አንዱ የፊት እግር ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ወደፊትም ወደኋላም ሲነዳ የትም ካልነካ ነው።

ጎማው ሲያድግ የሚለወጡ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮችም አሉ። የፍጥነት መቁጠሪያው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው። በ35 ኢንች ስትነዱ 65 ማይል ካሳየ እውነተኛው ፍጥነት 71 ገደማ ነው፤ ፖሊስ የሚለካው ደግሞ እውነተኛውን ነው። በ33 ኢንች ልዩነቱ ወደ 2 ማይል ብቻ ነው። ሁለቱም በኮምፒውተር ይስተካከላሉ። የሞተሩ ጉልበት ግን በኮምፒውተር አይመለስም። ጎማው በ9 በመቶ ሲያድግ ማርሹ በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ዳገት ላይ ይታወቃችኋል። ጎማው ራሱ ከባድ ስለሆነ ፍሬኑም የበለጠ ይደክማል። በሩ ጫፍ ላይ የተለጠፈው የንፋስ መጠንም ለድሮው ጎማ የተጻፈ ነው። ኤልቲ የሚባለው የከባድ ጭነት ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል።

መብራቱን ደግሞ አደራ። የኤፍ-150 ባለ አራት በሩ የፊትና የኋላ እግር ርቀት 145 ኢንች ያህል ነው። ፊቱ በ2 ኢንች ሲነሳ ብርሃኑ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ 25 ጫማ ርቀት ላይ በማዘንበሉ ብቻ ወደ 4 ኢንች ይወጣል፤ እየራቀ ሲሄድ ይብሳል። ማታ ከፊታችሁ የሚመጣው ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው ለዚህ ነው። መብራቱን ዝቅ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ስኮርታውንም አትርሱ። ከካሶኑ ሥር ያለው ቦታ የተለካው ለፋብሪካው ጎማ ነው፤ ትልቁ ላይገባ ይችላል። በአራቱም እግሩ በሚጎትት መኪና ላይ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ጎማና አንድ ትንሽ ይዞ መንዳት ዲፈረንሻሉንና የኃይል ማከፋፈያውን ይጎዳል።

ቁመት ሲያልፍ ሕግም ይመጣል። ሰሜን ካሮላይና የፊቱ ፓራፋንጎ ከኋላው በ4 ኢንችና ከዚያ በላይ እንዲበልጥ ተደርጎ የተነሳን መኪና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከልክላለች። ማስተካከልና ፊትን ሰማይ ማድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሕጉ የመጣው ለሁለተኛው ነው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ፊቱ በ2 ኢንች ለተስተካከለ ኤፍ-150 የፋብሪካውን ስፋት የጠበቀው ባለ 33 ኢንች ጎማ ይበቃል። ያምራል፣ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይቆረጥ ይገባል፣ ሞተሩንም እምብዛም አያስቸግርም። 35 የሚፈልግ ይችላል፤ ግን ፕላስቲክ ማስቆረጡን፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ማስቀየሩን፣ አምስተኛውን ጎማ መግዛቱን አብሮ ይቁጠር። ተጎታች በየሳምንቱ የሚጎትት ሰው ደግሞ ፊቱን ባይነካው ይሻለዋል።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ ልመናዬ፦ መጀመሪያ ኪቱን አስገቡ፣ አላይመንት አሠሩ፣ ከዚያ ጎማ ቤት ሄዳችሁ አንዱን ብቻ አስገጥማችሁ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ አዙሩ። ያን ሳታዩ ለቀሪዎቹ ሦስቱ አትክፈሉ። በዚያው ምሽትም መብራታችሁን ዝቅ አድርጉ።